ስልካችሁን «ተጠየቅ!» በሉት

የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። እንደ ሌላው ጊዜ ስለ አንድ በሽታ ብቻ አይደለም የምናወራው። ስልክ ከእጃችን በማይለይበት በዚህ ዘመን ጤናችንን ጠብቀን ለመኖር ምን ዓይነት ችሎታ ያስፈልገናል? ጥያቄው ይሄ ነው። የጤና ጉዳይ አይመስልም አይደል? እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፣ አንዲት እናት ድንገተኛ ክፍል እስኪመጡ ድረስ።

(ታካሚዋ እንዳይታወቁ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ። ታሪኩን እንድጽፈው እሳቸውም ልጃቸውም ፈቅደውልኛል።)

እማማ ልበላቸው። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል፤ ቤታቸው ከደብረ ማርቆስ ብዙ አይርቅም። ደም ግፊት ከተገኘባቸው ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ነው የሚወስዱት፣ አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል። ቀጠሮ የማያሳልፉ፣ የክትትል ካርዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የሚመጡ፣ ግፊታቸውም 130/80 አካባቢ የተረጋጋላቸው ሰው ነበሩ። እንደሳቸው ያለ ታካሚ ሲገባ ሐኪም ደስ ይለዋል።

አንድ ቀን ጠዋት ልጃቸው ደግፋ አመጣቻቸው። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል። ሊያናግሩኝ ይሞክራሉ፣ ቃሉ ግን ይጎተታል። ግፊታቸው ሲለካ 210/120። ስትሮክ ነው። ልጅቷን «መድኃኒታቸውን በትክክል ይወስዳሉ?» ስላት አንገቷን ደፋች። ትንሽ ቆይታ «ካቆሙ ከወር በላይ ሆኗቸዋል፤ ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ ዶክተር» አለችኝ።

በኋላ እማማን አስተኝተን ነገሩ ሲረጋጋ ስልኳን ከፍታ ቪዲዮውን አሳየችኝ። ነጭ ጋውን የለበሰ፣ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰውዬ ነው። አማርኛው ጥርት ያለ፣ ድምፁ የሚያረጋጋ። የግፊት መድኃኒት ኩላሊት ይበላል፣ ሐኪሞች ይህን አይነግሯችሁም፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ፈልቶ ለ21 ቀን ቢጠጣ ግፊት ከሥሩ ይነቀላል ይላል። ከታች ደግሞ «ዝግጁ የሆነውን ዱቄት ለማዘዝ» የሚል ስልክ ቁጥር አለ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ይቺ ልጅ ያልተማረች አይደለችም። ዲግሪ አላት፣ ጥሩ ሥራ አላት፣ ስልክ አጠቃቀም ላይማ እኔን ታስተምረኛለች። ብር ታስተላልፋለች፣ ፋይል ትልካለች፣ ቪዲዮ ትቆርጣለች። እናቷንም ከልቧ ትወዳለች፤ ቪዲዮውን ያመነችው ስለምትወዳቸው ነው። ታዲያ የጎደላት ምንድን ነው? «ዲጂታል ችሎታ» ሲባል ሁላችንም አፕ መክፈትና መዝጋት ይመስለናል። የጎደላት ግን እሱ አልነበረም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ስማርትፎን ገና ሳይስፋፋ፣ ለወጣቶች መማር አለባቸው ያላቸውን አሥር የሕይወት ክህሎቶች ዘርዝሮ ነበር። መወሰን፣ ችግር መፍታት፣ መርምሮ ማሰብ፣ አዲስ ነገር ማፍለቅ፣ በደንብ መነጋገር፣ ከሰው ጋር መኖር፣ ራስን ማወቅ፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ የራስን ስሜት መግዛት፣ ጭንቀትን መቋቋም። እስኪ ዝርዝሩን ደግማችሁ እዩት። ስለ ኮምፒውተር አንድ ቃል የለበትም። ግን ዛሬ ስልክ ላይ ሰው የሚወድቅባቸው ቦታዎች በሙሉ እዚያ ውስጥ አሉ። አሥሩንም ዛሬ አንጨርሳቸውም። ከሁሉም በላይ እዚህ እኛ ጋ ሰው ሲጎዳባቸው ያየኋቸውን ልምረጥ።

የመጀመሪያው መጠየቅ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን መጠየቅን ከውጭ የምንማር ሰዎች አይደለንም። በቀድሞው የሙግት ሥርዓት፣ በበላ ልበልሃ፣ ተሟጋቹ ነጠላውን አስተካክሎ ይቆምና ባላጋራውን «ተጠየቅ!» ይለው ነበር። የተጠየቀ ሰው ዝም ማለት አይችልም፤ መመለስ አለበት። ጋውን መልበስ፣ ድምፅ ማሳመር፣ ብዙ ተከታይ ማፍራት ከመልስ አያድንም። እኔ ታካሚዎቼን የምመክረው ይህንኑ ነው፦ ቪዲዮውን አቁሙትና «ተጠየቅ!» በሉት።

ምን ብለን እንጠይቀው? መጀመሪያ፦ አንተ ማን ነህ? ሐኪም ከሆነ ሙሉ ስም አለው፣ የተማረበት ቦታ አለው፣ የሚሠራበት ተቋም አለው። «ዶክተር እከሌ» ብቻ በቂ አይደለም። ጋውን ገበያ ላይ ይሸጣል፣ ማዳመጫም እንደዚሁ። ቀጥሎ፦ በምን አወቅህ? «ጥናቶች ያሳያሉ» ካለ የት ሀገር፣ ስንት ሰው ላይ፣ ማን ያጠናው? «አንዲት ሴትዮ ድናለች» ካለ ደግሞ አንዲት ሴትዮ አንዲት ሴትዮ ናት። ሌሎቹ የጠጡትና ያልዳኑት፣ ወይም እንደ እማማ የወደቁት፣ ቪዲዮ ላይ አይወጡም። ሦስተኛው ጥያቄ፦ ባምንህ ምን ታተርፋለህ? እዚህ ላይ የሀገራችን ቅኔ ጥሩ መነጽር ነው። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው፣ ወርቁ ውስጡ ነው። የዚያ ቪዲዮ ሰሙ የጤና ምክር ነበር። ወርቁ የዱቄቱ ዋጋ ነው። ወርቅ ስላችሁ እውነተኛውን ወርቅ፣ ብሩን ማለቴ ነው።

አራተኛውን ጥያቄ ሰው ይረሳዋል፦ የምትናገረው ለማን ነው? እውነተኛ ምክር እንኳን ለሁሉም ሰው አይሆንም። «በየቀኑ ብዙ ውሃ ጠጡ» የሚለው ለጤነኛ ወጣት ክፋት የለውም፤ ልቡ ለደከመና እግሩ ላበጠ ታካሚዬ ግን ችግር ሊያመጣበት ይችላል። «ሙዝ ብሉ፣ ፖታሲየም አለው» የሚለው ለብዙዎቻችን መልካም ነው፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን አይደለም። ቪዲዮው እናንተን አያውቃችሁም።

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን አለብኝ፤ ሰውዬው የተናገረው ሁሉ ባዶ ውሸት አይደለም። ነጭ ሽንኩርት የደም ግፊትን በመጠኑ ሊቀንስ እንደሚችል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ኢናላፕሪል ሲጀመርም የኩላሊት ምርመራ ቁጥር ትንሽ ከፍ ሊል ስለሚችል ነው እኛ ደም ወስደን የምናየው። አያችሁ፣ አደገኛ ውሸት ብቻውን አይመጣም፣ ትንሽ እውነት አዝሎ ነው የሚመጣው። የተዘለለው ምንድን ነው? ኩላሊትን ከሚያበላሹ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ራሱ ያልታከመ ደም ግፊት መሆኑ። ኢናላፕሪል እንዲያውም የስኳር ሕመም ላለባቸው ብዙ ሰዎች ኩላሊታቸውን ለመጠበቅ የሚታዘዝ መሆኑ። እና ነጭ ሽንኩርት የሚቀንሰው ትንሿ ቁጥር 170 የነበረን ግፊት 130 የማታደርስ መሆኑ። በወጥ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ብሉ፣ እኔም እበላለሁ። በኪኒኑ ፈንታ ግን አይሆንም።

ደግሞ የደም ግፊት ክፋቱ ድምፅ አለማሰማቱ ነው። መድኃኒቱን ያቆመ ሰው በማግስቱ አይወድቅም። ምናልባት የሚያስለው ሳል ይጠፋለታል (ኢናላፕሪል አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል)፣ እግሩ ያብጥ ከነበረ እብጠቱ ይቀንስለታል (አምሎዲፒን እንዲያ ያደርጋል)፣ «እሰይ ተሻለኝ» ይላል። ግፊቱ ግን ውስጥ ለውስጥ ይወጣል። እማማም «አቁሜው እንዴት ቀለለኝ መሰለህ ልጄ» ብለው ነግረውኛል በኋላ። ስለዚህ ኪኒኑ የማይስማማችሁ ከመሰላችሁ ቪዲዮ አትጠይቁ፣ ለሐኪማችሁ ንገሩት። የሚለወጥ ሌላ መድኃኒት አለ።

ይህን ነገር በኮሮና ጊዜም አይተነዋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ ሀገራችን ውስጥ መገኘቱ ሲነገር አዲስ አበባ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ወዲያው ተወደደ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ከቫይረሱ ጋር አብሮ ለሚዛመተው የወሬ ጎርፍ «ኢንፎዴሚክ» የሚል ስም ሰጥቶት ነበር። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ቤተሰብ ሁሉ በየደቂቃው «ይሄ እውነት ነው?» እያለ ይልክልኝ ነበር። ያልገባኝን «አላውቅም» ማለት ከብዶኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል። አሁን አይከብደኝም። «አላውቅም፣ አጣርቼ እነግራችኋለሁ» የሚል ሰው ከሁሉም በላይ ልታምኑት የሚገባ ነው።

እሺ፣ ታዲያ ልጅቷ ለምን አልጠየቀችም? ይህ ሁለተኛው ነገር ነው፤ ስሜት። ቪዲዮውን ያየችው ሌሊት ነው። ደክሟታል። ከዚያ በፊት የጎረቤታቸው ሰው በኩላሊት ሕመም ሞቶ ለቅሶ ደርሳ ነበር የመጣችው። «ኩላሊት ይበላል» የሚለውን ስትሰማ ልቧ ዘለለ። የፈራ ሰው አይጠይቅም፤ ይሮጣል። የተናደደ ሰውም እንደዚሁ። ቪዲዮ የሚሠሩት ሰዎች ይህን ያውቁታል፣ ስለዚህ በማስፈራራት ይጀምራሉ፤ «ሐኪሞች የደበቋችሁ» ይላሉ። «ከባንክ ነው የምደውለው፣ ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው፣ የመጣልዎትን ኮድ ፈጥነው ይንገሩኝ» የሚለው አጭበርባሪም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አለ፦ አንድ ነገር ልቤን ካስደነገጠው ወይም ካበገነው፣ ከማስተላለፌ ወይም ከማድረጌ በፊት አንድ ሌሊት አሳድረዋለሁ። መድኃኒት የማቆም ውሳኔ ከሆነማ እስከ ቀጠሮ ቀን ይደር። እውነት ከሆነ ነገም እውነት ነው።

«ኢንተርኔቱን ብንተወውስ ዶክተር?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ በተለይ ትልልቅ ሰዎች። እኛ እዚህ ክልል ያለን ሰዎች ይህን ጥያቄ በተግባር አይተነዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ምን ሆነ? መልካም ነገር አልነበረም አልልም። ሰው ቡና ላይ ሲቀመጥ ዓይን ለዓይን ይተያይ ነበር። እኔም የሕክምና መመሪያ መጽሐፍ ገልጬ ማንበብን እንደገና ለመድኩ። ግን ወሬው አልቆመም፤ በአፍ ሄደ፣ በመኪና ሄደ፣ በስልክ ጥሪ ሄደ። እንዲያውም ማጣሪያ ጠፋ። እኛ ሐኪሞች አንድ አስቸጋሪ ራጅ ሲገጥመን አዲስ አበባ ላለ ስፔሻሊስት በቴሌግራም ልከን የምንማከረው ነገር ቆመ። ውጭ ሀገር ያለ ልጅ እናቱ መድኃኒት መጨረሷን ሳይሰማ ቀረ። ስለዚህ ለእኔ መልሱ መተው አይደለም። ጥያቄ መጠየቅን የሚያውቅ ሰው ኢንተርኔት ሲኖርም ሲጠፋም ይጠቅመዋል።

ሦስተኛ፣ አሁን በየቀኑ የሚገጥመኝ ነገር፦ «ዶክተር፣ ኤአይ ጠይቄ እንዲህ ብሎኛል።» ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያሉት ነገሮች በዝተዋል፣ አማርኛም ይመልሳሉ። እኔ ታካሚ ጠይቆ ሲመጣ አልቆጣም፤ የተዘጋጀ ታካሚ ነው። ግን አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወጣት ግፊቷ ከፍ ብሎባት መጣች። ከመምጣቷ በፊት አንዱን መተግበሪያ ጠይቃው የግፊት መድኃኒቶች ዝርዝር ሰጥቷታል፤ ከዝርዝሩ መሀል ኢናላፕሪል አለበት። ኢናላፕሪል ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ ፅንሱን ይጎዳል። ማሽኑ ዋሸ? አልዋሸም። እሷ ነፍሰ ጡር መሆኗን አልጻፈችለትም፣ እሱም አልጠየቃትም። እኔ ብሆን ፊቴ ስትቀመጥ ሆዷን አያለሁ። ደግነቱ ሳትገዛ መጣች።

እነዚህ ነገሮች የሚሠሩት ከብዙ ጽሑፍ ተምረው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል በመገመት ነው። ስለዚህ ሲሳሳቱም ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም፤ ልክ ሲሆኑ በሚጽፉበት በዚያው እርግጠኝነት ይሳሳታሉ። በአማርኛ የተጻፈ የሕክምና ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ስለሌለ በእኛ ቋንቋ ሲሆን የበለጠ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለምን ተጠቀሙበት ካላችሁኝ፣ ሐኪም ጋ ከመምጣታችሁ በፊት ጥያቄዎቻችሁን ለማዘጋጀት፣ የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ያለውን ቃል ትርጉም ለማወቅ፣ የተነገራችሁን ምክር ቀለል አድርጎ እንዲያስረዳችሁ። የኪኒን መጠን ለመጨመር፣ ለመቀነስ ወይም ለማቆም ግን አይሆንም። ስትጠይቁም ዕድሜያችሁን፣ ነፍሰ ጡር መሆናችሁን፣ ያለባችሁን ሕመም፣ የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ ጻፉለት፤ ስማችሁ ያለበትን የምርመራ ወረቀት ግን ፎቶ አንስታችሁ አትላኩለት።

አሁን ወደ ትኩረት ልሂድ፤ ይሄኛው የራሴም ሕመም ስለሆነ ረጋ ብዬ ላውራው።

የጎጃምን የቅኔ ቤቶች ስም ሰምታችኋል፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ። ሀዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በጎጃም አድባራት ተምረው ነው ያደጉት። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ሁለት መስመር ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና ለማውጣት ሰዓታት ዝም ብሎ ያስባል። በእጁ ወረቀት የለም፤ ሁሉንም በጭንቅላቱ ይዞ ነው። ከዚያ መምህሩ ፊት ይነግራታል፣ ከተሳሳተ ይታረማል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። በቁራሽ እንጀራ የሚኖር ልጅ ነው ይህን የሚያደርገው። እኔ ስድስት ዓመት ሕክምና ተምሬ ዛሬ አንድ ገጽ ጽሑፍ ስልኬን ሳልነካ ለማንበብ የሚያቅተኝ ቀን አለ። የእነሱ አንጎል ከእኔ የተለየ ሆኖ አይደለም። ትኩረት እንደ ጡንቻ ነው፣ እነሱ በየቀኑ ያሠሩታል፣ እኔ በየሁለት ደቂቃው አቋርጠዋለሁ።

ይህ የሰነፍ ወቀሳ እንዳይመስላችሁ። የጉዳቱን አንዱን መልክ ክፍሌ ውስጥ አይቼዋለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣ። ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ የለውም። እየመረመርኩት ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ደጋግሞ በራ። አየሁት። አንዴ አይደለም፣ ሁለት ሦስቴ። «ሌላ የሚያስጨንቅህ ነገር አለ?» ብዬ የጠየቅኩት ዓይኔ ስልኩ ላይ እያለ ነው። «የለም ዶክተር» አለኝ። ማስታገሻ ጻፍኩለት፣ ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጓደኛው ይዞት መጣ፤ ሕይወቱን ሊያጠፋ ሞክሮ ጓደኛው ነው የደረሰበት። ቤተሰብ የላከለትን የሴሚስተር ገንዘብ ስልኩ ላይ በቤቲንግ ጨርሷል። ያንን ለማስመለስ ተበድሯል፤ እሱንም በልቷል። ሌሊቱን የማይተኛው ጨዋታዎቹ እስኪያልቁ እየጠበቀ ነበር። «ያን ቀን ልነግርህ ነበር የመጣሁት» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ታካሚ ሲገባ ስልኬ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ድምፁም ጠፍቶ። ልጁ አሁን ደህና ነው፣ የሥነ አእምሮ ክትትል አለው፣ ዕዳውንም ቤተሰቡ አውቆለታል። ያን ቀን ያልጠየቅኩት ጥያቄ ግን ዛሬም ይከነክነኛል።

ስለዚህ አጠገባችሁ ያለ ወጣት እንቅልፍ ከጠፋበት፣ ገንዘብ ሲበደር ካያችሁት፣ ከሰው ከራቀ፣ ስልካችሁን አስቀምጡና ጠይቁት። «ሕይወትህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ብዙ ጊዜ ያቀለዋል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ አቅራቢያ ወዳለ ጤና ተቋም ይዛችሁት ሂዱ። ይህን የምታነብ አንተ ራስህ እዚያ ቦታ ላይ ከሆንክም፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገረው። ዕዳ ይከፈላል።

እንቅልፍን በአጭሩ፦ ለአዋቂ ቢያንስ ሰባት ሰዓት፣ ለአፍላ ወጣት ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ያስፈልጋል። የስክሪን ብርሃን አንጎል የእንቅልፍ ሆርሞን የሚያወጣበትን ሰዓት ያዘገየዋል፤ ከብርሃኑ ይልቅ ግን የምታዩት ነገር ነው የሚያነቃችሁ። አልጋ ላይ ዜና ወይም ጭቅጭቅ ማየት ቡና ጠጥቶ እንደመተኛት ነው። ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ አድርጉት። «ሰዓት የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው» ለምትሉ፣ የጠረጴዛ ሰዓት ውድ አይደለም።

ሕፃናትንም ሳልነካ ባልፍ ደስ አይለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል። «ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሆነው፣ አይናገርም» ብለው የሚመጡ እናቶች አሉ፤ ስልክ ካልተሰጠው አይበላም። ልጅ ቋንቋ የሚማረው መልስ ከሚሰጠው ሰው ነው፣ ስልክ ደግሞ ሲያወራ እንጂ ሲሰማው አይታይም። ይህን ስል ያልተናገረ ልጅ ሁሉ በስልክ ነው ማለቴ አይደለም። የመስማት ችግር ሊሆን ይችላል፣ ኦቲዝም ሊሆን ይችላል። እናትየዋን ጎረቤት እንዳይወቅሳት፤ አምጥታ ታስመርምረው።

ወደ እማማ ልመለስ። ከዚያ በፊት ግን ይህን ያዙልኝ፣ ነገ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። አንድ ሰው በድንገት ፊቱ በአንድ ጎን ከወረደ፣ አንድ እጁ ወይም እግሩ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ፈጥናችሁ ሆስፒታል አድርሱት። «ትንሽ ይረፍ» አትበሉ። አፉ ላይ ውሃም፣ ምግብም፣ የግፊት ኪኒንም አታድርጉለት፣ ሊያንቀው ይችላል። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት መዝግባችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ እሱን ነው።

እማማ ተርፈዋል። አምስት ወር ሆናቸው። በከዘራ ይራመዳሉ፣ ቀኝ እጃቸው ኩባያ ይይዛል፣ ጀበና ግን ገና ማንሳት አልቻለም፤ ይህ ያናድዳቸዋል። ባለፈው ቀጠሮ ግፊታቸው 134/82 ነበር። ልጅቷ ራሷን ይቅር ማለት አቅቷት ብዙ ጊዜ አልቅሳለች፤ እማማ ደግሞ በዚያ በሚጎተት አንደበታቸው «ተይ፣ እኔስ ብሆን አምኜሽ አይደል» ይሏታል። ስለ ጥፋቱ እኔም የራሴ ድርሻ አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ኪኒኑን ስንሰጣቸው፣ ለምን እንደሚወስዱትና ቢያቆሙ ምን እንደሚሆን ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ሰው አልነበረም። ባዶውን ቦታ ያ ሰውዬ ሞላው።

እኔንም «ተጠየቅ!» በሉኝ። ጋውን ለብሼ ፎቶ የለጠፍኩ ሰው ነኝ እኔም። እዚህ የጻፍኩትን ለሐኪማችሁ አሳዩት፣ ከተሳሳትኩ ንገሩኝ፣ አርማለሁ።

ትናንት ማታ ከልጅቷ መልእክት ደረሰኝ። አዲስ ቪዲዮ ነው፤ የስኳር በሽታን በአሥር ቀን ስለሚያድን ቅጠል። መመለስ ስጀምር ሁለተኛ መልእክት አስከተለች፦ «ስሙን ፈለግኩ፣ አጣሁት። የሚሠራበትን ፈለግኩ፣ አጣሁት። የሚሸጥበትን ስልክ ቁጥር ግን ሳልፈልገው አገኘሁት። ለአክስቴ እንዳትጠቀመው ደውዬ ነግሬያታለሁ።»